ጅቡም ዋስ ካለው ይግባ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል። አንዷ «ይኸው ስላንተ ተጽፏል» ብላ ነው የላከችልኝ። ርዕሱ «ጭራቃችሁን እቤት ትታችሁ ኑ» ይላል። ስለ ዲ ኤንድ ዲ ነው፤ ሙሉ ስሙ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ግን ጨዋታውን ብዙ ጊዜ የመሩ ሰው መሆናቸውን ያሳብቃል። እኔም እመራለሁ። እንግዲህ አንድ ሙያ ላይ እንዳለን ሰዎች ልመልስላቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ፦ አንድ ሰው ዓለሙን ይተርካል። እሱን ዲኤም እንለዋለን። ሌሎቹ አራት ወይም አምስት ሆነው ጠረጴዛ ይከባሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር ይይዛሉ። ወታደር፣ ሌባ፣ ነጋዴ፣ አስማተኛ። «በሩን ልስበረው» ትላለህ። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ትጥላለህ። ቁጥሩ ይፈርዳል። ታሪኩ ለወራት ይቀጥላል። እኛ ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጓደኛችን ቤት በረንዳ ላይ እንጫወታለን። ባለ 20 ገጹ ዳይሳችን አንድ ብቻ ነው። ሁለት ነበር፤ አንዱን ሐይቅ ዳር የተጫወትን ቀን ጦጣ ወሰደችው።

የጽሑፉ ሐሳብ ይህ ነው። ከተለመዱት ውጪ፣ ማለትም ከሰው፣ ከኤልፍ፣ ከድንክና ከመሳሰሉት ውጪ የሆነ ፍጡር ይዞ የሚመጣ ተጫዋች የሁሉንም ጨዋታ ያበላሻል። ለምን? አንደኛ፣ ጨዋታው ሲፈጠር ለሰው ጀግኖች ነው። ሁለተኛ፣ ዓለሙ ይፈርሳል፤ ጭራቅ ከተማ በር ላይ ሲደርስ ይገደላል እንጂ «እንደምን አደርክ» አይባልም። ሦስተኛ፣ ኃይሉ ሚዛን ያናጋል። አራተኛ፣ ጨዋታው ሁሉ ስለ እሱ ይሆንና ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። አምስተኛ፣ እኛ አገር ጨዋታው ገና ጀማሪ ስለሆነ ተራውን ሳንለምድ ወደ እንግዳው መሮጥ የለብንም፤ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ»። መዝጊያቸውም ተረት ነው፤ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ»።

ተረቱ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። እኛ ጠረጴዛ ላይ ጅብ አለ። በምሳሌ አይደለም፤ የአንድ ተጫዋች ካራክተር ጅብ ነው። በሁለት እግሩ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ይርበዋል።

ከታሪኩ ልጀምር። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1974 በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ነው። የመጀመሪያዋ ውስጥ ተጫዋች ማንኛውንም ፍጡር ቢሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ሁኔታው አንድ ነው፤ ደካማ ሆኖ ይጀምር፣ ቀስ እያለ ይደግ። ምሳሌው ራሱ ድራጎን ነው። ድራጎን መሆን ከፈለግህ ለጋ ድራጎን ሆነህ ጀምር ይላል። ከዚያም በፊት በአርነሰን ጠረጴዛ ላይ ሰር ፋንግ የሚባል ቫምፓየር የያዘ ተጫዋች ነበር። እየበረታ ሄዶ አላስቀምጥ ሲል፣ እሱን የሚመክት ካህን ተፈጠረ። ዛሬ ካህኑ በጨዋታው ውስጥ ከተለመዱት ሙያዎች አንዱ ነው። ያ ቫምፓየር ባይመጣ ካህኑም አይመጣም ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን መስጠት አለብኝ። ጋይጋክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የዲኤም መመሪያ ላይ ጭራቅ ካራክተር የማድረግን ነገር ብዙም አልወደደውም። በ1974ቱ ሕግም ካራክተር እያደገ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ድንክ ተዋጊ ከ6ኛ አያልፍም፤ ሆቢት የሚባለው ትንሽ ፍጡር ከ4ኛ አያልፍም። መሐሉ ለሰው ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ከሜዳ አላመጡትም። ታሪኩን ግን ግማሹን ነው የነገሩን።

እኔን የበለጠ ያስገረመኝ «የተለመደ» የሚለው ቃል ነው። ለማን? ጆሮው የሾለ፣ ሺህ ዓመት የሚኖር፣ ጫካ ውስጥ በገና የሚደረድር ኤልፍ ሐዋሳ ላይ ማን ለምዶት ያውቃል? እኔ ስለ ኤልፍ ያወቅኩት በሃያ ዓመቴ ነው፤ ያውም በፊልም። ስለ አያ ጅቦ የሰማሁት ግን መናገር ሳልጀምር ነው። ሆዳም ነው። ሞኝ ነው። አህያ ሊበላ ሄዶ ተታሎ ይመለሳል። ፈሪ ነው፤ ሌሊት ላይ ግን ያስፈራል። አንድን ካራክተር ለመጫወት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ለእኛ የአገር ልጅ ጅቡ ነው። እንግዳው ኤልፉ ነው።

(በነገራችን ላይ መጽሐፉ የፍጡሩን ዓይነት ለረጅም ጊዜ «ዘር» በሚል ቃል ሲጠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ እትም ቀይሮታል። እኛ ቀድመነዋል። በአማርኛ «ዘርህ ምንድን ነው?» ብሎ ጨዋታ መክፈት በረንዳውን እንዴት እንደሚያቀዘቅዘው አንድ ጊዜ ሞክሬ አይቻለሁ። «ምን ዓይነት ፍጡር ነህ?» ይበቃል።)

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልምጣ። «ጅብ የመሰለ ፍጡር ከተማ በር ላይ ቢደርስ ይገደላል።» ሐረርስ? የጁገል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል ይሉታል። ጅቡ ማታ ይገባል፣ የመንገዱን አጥንት ይለቅማል፣ ይወጣል። ከግንቡ ውጪ ደግሞ ጅቦቹን በስም እየጠራ ሥጋ በእንጨት የሚያጎርስ ሰው አለ። ይህ ተረት አይደለም፤ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ሄዳችሁ የምታዩት ነገር ነው። እውነተኛ ከተማ ከእውነተኛ ጅብ ጋር ውል ካለው፣ የፈጠራ ከተማ ከሚያወራ ጅብ ጋር የማይዋዋልበት ምክንያት አይታየኝም። ጥያቄው «ይገደላል ወይስ አይገደልም» አይደለም። «እዚህ አገር ሰዎች ከእሱ ጋር በምን ውል ይኖራሉ?» ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ ደግሞ የዲኤም ሥራ ነው። አድካሚ ነው፤ አልክድም።

አሁን የራሳችንን ነገር ልንገራችሁ። የምንጫወተው ዓለም የሲራራ ነጋዴዎች ዓለም ነው። ቅፍለቱ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ደቡብ ይወርዳል። አሞሌ ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣ ነበር። ለዲኤም ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ በእያንዳንዱ ኬላ ላይ የሚሰርቅ፣ የሚቀርጥ፣ የሚለምን ሰው ማስቀመጥ ትችላለህ። ልንጀምር ስንል ባንክ ቤት የሚሠራው ጓደኛችን ከረባቱን እንኳን ሳይፈታ መጣና «ጅብ መሆን እፈልጋለሁ» አለ። መጽሐፉ ኖል የሚላቸው የጅብ ፍጡሮች አሉት፤ የጋኔን ሎሌዎች ናቸው፣ ከማውራት ማረድ ይቀናቸዋል። «እሱን አይደለም» አለ። «አያ ጅቦን ነው የምለው።»

እኔም ያኔ እንደ ጸሐፊው ነበር ያሰብኩት። እምቢ ልል ነበር። የረዳኝ ራሱ ነው። እንዲህ አለ፦ «እኔ እንኳን መሥሪያ ቤቴ ሲቀጥረኝ ዋስ አምጣ ተብያለሁ። ለጅቡም ዋስ ጠይቁት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕጋችን ይህ ሆነ። እንግዳ ፍጡር የሚይዝ ተጫዋች ከጨዋታው በፊት ከጠረጴዛው አንድ ሰው «እኔ አውቀዋለሁ» እንዲልለት ያደርጋል። ያ ሰው ዋሱ ነው። እንዴት እንደተዋወቁ ሁለቱ ተቀምጠው ይፈጥራሉ። እንግዳው ያጠፋውን ዋሱ ይከፍላል። በወረቀት ላይ፣ በአሞሌ ተቆጥሮ። ለተለመደው ካራክተር ዋስ አያስፈልግም፤ እንግዳው ግን ያለ ዋስ አይገባም።

ዋስ የሆነችው ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ ነች። የእሷ ካራክተር የሲራራ ነጋዴ ናት። ታሪካቸውን ሻይ እየጠጡ በአሥር ደቂቃ ጨረሱት። የነጋዴዋ መሪ በቅሎ መንገድ ላይ ሞተች። ነጋዴዋ ውኃ ፈልጋ ስትመለስ ጅቡ በቅሎዋን እየበላ አገኘችው። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጅብ አፍሮ አያውቅም፤ ይሄኛው አፈረ። የበቅሎዋን ጭነት ተሸክሞ እስከሚቀጥለው ሰፈር አደረሰላት። በዚያው ቀረ። በቅሎዋን የበላው በቅሎ ሆነላት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ኬላ ላይ ደረሱ። ኬላ ጠባቂው እኔ ነኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተሸካሚዬ ነው።»

«ጅብ ነው እንጂ!»

«እሱም ነው» አለች ፋርማሲስቷ። ቀጥላ ጠየቀችኝ፤ «ስንት ነው የሚቀረጠው? እንደ ሰው ነው እንደ ከብት?»

ዝም አልኩ። ወንዙን፣ ተራራውን፣ የጨው ዋጋውን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የጅብ ቀረጥ ግን አላሰብኩም። ሰው ነው ካልኩ በፍርድ ቤት መመስከር ይችላል። ከብት ነው ካልኩ ያጠፋው ጥፋት ሁሉ የባለቤቱ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ተከራከርን። ሹሙ ጋ ድረስ ሄድን። በመጨረሻ በግማሽ ሰው ሒሳብ እንዲቀረጥ ተፈረደ። ጅቡ ተቀየመ፤ «የትኛው ግማሼ ነው?» አለ። ጸሐፊው «ዓለሙ ይፈርሳል» ይላሉ። የእኔ ዓለም አልፈረሰም፤ ያልነበረው የቀረጥ ሕግ ነው የተጨመረለት።

የኃይል ሚዛን ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ተቃጥዬበታለሁና። ካለፉት ጨዋታዎቻችን በአንዱ፣ አንድ ልጅ አባ ኮዳን የመሰለ ባለ ክንፍ ፍጡር ልሁን አለ። ዓሣ ገበያው ጋ ጠዋት ጠዋት ራስ በራ ሽማግሌ መስለው የሚቆሙትን አባ ኮዳዎች ያየ ሰው ይረዳዋል። ደስ አለኝና እሺ አልኩ። ለኃይሉ አራኮክራ ለሚባሉት የወፍ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ደንብ ወሰድኩ። በአንድ ተራ፣ ማለትም በ6 ሰከንድ፣ 50 ጫማ ይበርራል። ሰው በእግሩ የሚሄደው 30 ነው። እኔ ሞኙ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገደል ሳዘጋጅ ከርሜያለሁ። የሚንሸራተት ድንጋይ፣ የንብ ቀፎ፣ የተበጠሰ ድልድይ፣ ሁሉም ነገር ነበረው። ስሙን እንኳን ዓሣ ገበያው ካለበት ከሐዋሳው አሞራ ገደል ነበር የወሰድኩት። ልጁ ተነሥቶ በረረ፣ ገመድ አሰረ፣ ሁሉም ወጡ። አሥር ደቂቃ። አሞራው ገደሉን ገደለው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ግን ጥፋቱ የማን ነበር? የክንፉ አይደለም። ሳልጠይቅ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። የ1974ቱ ምክር ዓይኔ ሥር ነበር፤ ደካማ ሆኖ ይጀምር። ክንፉ እስከ 5ኛ ደረጃ ድረስ ከከፍታ ቀስ ብሎ ለመውረድ ብቻ ይሁን ብል ኖሮ ገደሌ አይሞትም ነበር። መብረሩንም ሲያገኘው በዓል ይሆንለት ነበር።

ለጅቡ ይህን አልደገምኩትም። ንክሻው ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነው፤ ከጦር እኩል። አፍንጫው ጥሩ ነው፤ ዱካ ሲከተል ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። ዋጋው ደግሞ ይኸው፦ በቅሎ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ዳይስ ይጥላል፤ ከ10 በታች ከመጣ በቅሎዎቹ ይደነብራሉ። ቅፍለት ውስጥ የሚኖር ጅብ በቀን ስንት ጊዜ በበቅሎ አጠገብ እንደሚያልፍ አስቡት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ወንዝ እየተሻገሩ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስልክ አብርተናል። ባንከሩ ዳይሱን ጣለ። ተንከባለለ፣ ከሻይ ብርጭቆው ሥር ገባ። ብርጭቆውን አነሣነው። 1።

ሦስት በቅሎ ጭነቱን ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ጭነቱ ምን እንደሆነ አስታውሱ። ጨው። ማንም አልጮኸም። ፋርማሲስቷ ብቻ ወረቀቷን ሳበችና ጻፈች፤ «የጅቡ ዕዳ፦ 60 አሞሌ። ከፋይ፦ እኔ።» ጅቡ ከወንዙ ዳር ተቀምጦ ውኃውን ይልስ ጀመር። «ቢያንስ ይጣፍጣል» አለ። ከሳምንት በኋላም ስለዚያ ወንዝ ነበር የምናወራው።

አራተኛው ነጥብ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው። ጨዋታው ሁሉ ስለ እንግዳው ይሆናል። እንደዚህ ያለ ተጫዋች አለ፤ አልዋሽም። ዘመዶቹ በሙሉ ያለቁ፣ ከማንም የማያወራ፣ ጥግ ይዞ የሚቆም፣ ሁሉም «ምን ሆነህ ነው?» እንዲለው የሚጠብቅ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ካየኋቸው ውስጥ የሁሉንም ተራ የበላው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ባለ ጎራዴ ባላባት። ሰው። ፍጹም የተለመደ፣ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች የወጣ ሰው። እያንዳንዱ በር ላይ ንግግር ያደርግ ነበር። ኮፍያ ውስጥ ዳይስ የሚደብቀውም እሱ ነበር፤ ይህ ግን ሌላ ወሬ ነው። እንግዳነት የመድረክ ሌብነት ምክንያት ቢሆን ኖሮ ያ ባላባት ዝምተኛ በሆነ ነበር።

ዋሱ ደግሞ ይህንኑ ችግር ነው የሚያቃልለው። ጅቡ ላይ መብራት በበራ ቁጥር ነጋዴዋ ላይም ይበራል፤ ከፋይዋ እሷ ናት። ፋርማሲስቷ ከዚያ በፊት በነበረን ጨዋታ አራት ሳምንት ሙሉ «እኔም እመታዋለሁ» ከማለት በቀር አልተናገረችም። ኬላው ላይ ግን እንደ ድሮ ነገረ ፈጅ እጇን እያወዛወዘች ስትሟገት ጎረቤት አጥር ላይ ወጥቶ አይቷል። እሷን ያናገራት ጅቡ ነው።

አምስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። «ጀማሪ ተራውን ይልመድ» የሚባለው ተራው ቀላል ሲሆን ነው። ባንከሩ ከ300 ገጽ በላይ የሆነውን የሕግ መጽሐፍ አንድ ገጽ አላነበበም። ጅብን ግን ከአያቱ ተምሮታል። ኤልፍ ስጠው፣ ሁለት ሳምንት ያጠናል። ዝንጀሮዋም ያለችው የመቀመጫዬን ነው። መቀመጫው የቱ እንደሆነ ግን ተጫዋቹ ራሱ ይምረጥ።

የምስማማባቸውም አሉ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እንግዳ ፍጡር አላስገባም፤ ጅቡ እንግዳ የሚሆነው ሌሎቹ ሰዎች ሲሆኑ ነው። ለአንድ ማታ ብቻ በሚሆን ጨዋታ ላይም እምቢ እላለሁ፤ ዋስ ጠርተን ሳንጨርስ ይነጋል። ደግሞ ከኃይልም ከመድረክም በላይ የሚያሳስበኝ ጸሐፊው ያላነሡት ነገር አለ። ጅብ ሲባል ቡዳ ይከተላል። አንድ ተጫዋች «ጅቡ ቀን ቀን ቀጥቃጭ ይሁን፣ ማታ ይለወጥ» ብሎ ነበር። ለታሪክ ያምራል። ግን በዚያ ወሬ ምክንያት ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ስንት ዘመን እንደተገለሉ እናውቃለን። የእነዚያ ሰዎች ልጅ ነገ እዚያ በረንዳ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ያንን ሐሳብ አስቀርተነዋል። የእኛ ጅብ ቀንም ማታም ጅብ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቅፍለቱ ጅቡን ማንም ከማያውቅበት ከተማ ገባ። አስተናጋጁ እኔ ነኝ። መሸ፤ ለእንግዶቹ ማደሪያ አዘጋጀሁ። ጽሑፉን ሁሉም አንብቦታል። ባንከሩ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። በወፍራም ድምፅ፣ እንደ ደጃዝማች፣ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ።

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሰው ጠርቼ ቁርበት አስመጣሁ፤ የበሬ፣ አዲስ፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ። ፋርማሲስቷ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗ ዕዳ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ነበር።

«አታንጥፉለት» አለች። «ይበላዋል።»